አንዴ ብትጨፍን «አዎ»

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ሐረጎ ላይ፣ ሾፌሮች በመብራት ያወራሉ። ከታች ሽቅብ የሚመጣው አይሱዙ በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ያጠፋል። የእኛ ሚኒባስ ሾፌር ወዲያው እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል፤ ረዳቱም ትርፍ የጫነውን ሰውዬ «ጎንበስ በልልኝ ወንድሜ» ይለዋል። ትራፊክ አለ ማለት ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጠባቡ ኩርባ ላይ፣ ያው ብልጭታ «እለፍ፣ ቆሜልሃለሁ» ይሆናል። ማታ ከሆነ ደግሞ ስድብ ነው፤ «ረጅሙን መብራት ቀንስ፣ ዓይኔን አጠፋኸው!» መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ይህ ቋንቋ አይፈተንም፤ ሳያውቀው ሐረጎን የሚወርድ ሾፌር ግን አላየሁም።

መንገዱ ራሱ ጨዋታ ያመጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1850 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ደሴ ላይ እስከ አንገት የተቆለፈው ጃኬት ግማሽ መንገድ ላይ ይከፈታል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ጆሮ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ጥጉን የያዘ ተሳፋሪ ያንቀላፋል። እኔ ሰው ሲያንቀላፋ ማየት እወዳለሁ፤ ዓይኑ ከመተኛቱ በፊት የሚያደርገውን ድርድር ነው የምወደው። ክድን፣ ገለጥ። ክድን፣ ገለጥ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዘንበል።

ለዓይን ቆብ ይህን ያህል ትኩረት መስጠት የጀመርኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ኮምቦልቻ ሶፍትዌር ይማራል፤ ቅዳሜ ደሴ ሲመጣ በአንድ እጁ የሚታጠብ ልብስ፣ በሌላው ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል። ልብሱን ለእናቱ፣ ላፕቶፑን ለእኔ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እጅህን አትነካካ፣ ዝም ብለህ እየው፣ ዓይንህን ስትጨፍን ይሰማሃል» ብሎ አስቀመጠኝ። ጌም ነው። በቁልፍ አይነዳም፤ ከስክሪኑ በላይ ያለችው ትንሿ ካሜራ ዓይን ታያለች፣ ዓይን ሲከደን ጨዋታው ወደፊት ይሄዳል።

«ቢፎር ዩር አይስ» ይባላል። አሜሪካ፣ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተማሪ ሙከራ ተነስቶ፣ «ጉድባይወርልድ ጌምስ» በሚባል ትንሽ ቡድን እጅ በ2021 እ.ኤ.አ. ለሰው ቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት የብሪታኒያው ሽልማት ሰጪ ባፍታ ሸለመው። ተጫዋቹ ሞቷል። ነፍሱን በጀልባ የጫነ ተኩላ መሳይ ፍጡር አለ፤ ለበረኛው ከማቅረቤ በፊት ሕይወትህን አሳየኝ ይለዋል። ተጫዋቹም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያያል፤ እናቱን፣ ባሕሩን፣ ፒያኖውን። ችግሩ ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ መኖር አለመቻሉ ነው። ትዝታው ሊጥም ሲል ዓይን እንደ ልማዱ ክድን ይላል፤ ሲገለጥ ዕድሜ አልፏል፣ እናትየው የጀመረችው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ተቆርጧል። ዓይኔ እንባ እስኪያቆር ገልጬ ለመያዝ ታገልኩ። ተንኮል ነው፤ ግን የሰለጠነ ተንኮል ነው። ሌላው ጌም ሁሉ የእጅ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ይኼኛው የሚፈልገው ሰው የማያዝዘውን ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ባየው አልረካም። እሱ የሚፈልገው ሥዕል የሌለበት፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ፣ በዓይን ቆብ የሚታዘዝ፣ ደሴ ላይ የሚሆን ጌም ነው። ለምን ሥዕል የሌለው? «ሥዕል የሚሠራልኝ ሰው የት አባቴ አገኛለሁ? ጽሑፍ ግን በነፃ ነው።» ጽሑፍ በነፃ ነው የሚል ሰው ፊት ዝም ማለት ለእኔ ቢጤው ከባድ ነበር፤ ቢሆንም ዝም አልኩ።

የጽሑፍ ጌም የሚባለው ነገር ለእሱ ትውልድ ጥንታዊ ታሪክ ነው። ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ፣ ቀን ቀን የዛሬውን ኢንተርኔት የወለደውን የአርፓኔት መረብ የሚሠራ መሐንዲስ፣ በትርፍ ጊዜው ዋሻ ለዋሻ የሚሳብ ሰው ነበር። ኬንታኪ ውስጥ ያለውን የማሞዝ ዋሻ በእግሩና በጉልበቱ ያውቀዋል። ከሚስቱ ከተለያየ በኋላ፣ በ1975 እና 1976 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ሴት ልጆቹ እንዲጫወቱበት ያን ዋሻ በቃላት ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ስክሪኑ «እንዲህ ያለ ቦታ ቆመሃል» ይላል፤ ተጫዋቹ «ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖሱን አንሳ» እያለ በአንድና በሁለት ቃል ያዛል። በ1977 እ.ኤ.አ. የስታንፎርዱ ዶን ዉድስ አስፋፍቶት በየዩኒቨርሲቲው ተዳረሰ። በዚያው ዓመት ኤምአይቲ ውስጥ ጥቂት ሰዎች «ዞርክ»ን ጀመሩ። ሥዕል የለ፣ ድምፅ የለ፤ ጨለማ ክፍልና ቃል ብቻ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲተርክልኝ ያሰብኩት ኬንታኪን አይደለም። መብራት በሄደበት ምሽት፣ ጆንያ ላይ ተደርድረን፣ «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» የምንባባለውን ነው። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ያጣዋል፤ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አላዋቂው ቸር ነው፣ ደሴን ያህል ከተማ ያለ ዋስትና ይሰጣል። ጠያቂው አይቀበልም፣ ሐይቅን ጨምርልኝ ይላል። እሱንም ይሰጠዋል። ከዚያ ጠያቂው የተሰጠውን አገር ዞሮ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሰጪውን በነገር ሸንቁጦ መልሱን ይናገራል። ክራውዘር ፋኖስ አንሳ ከማለቱ በፊት የወሎ ልጅ በሁለት ቃል አገር ሲረከብ ኖሯል። ልዩነቱ የእኛው ጨዋታ ማሽን አልነበረውም፤ ማሽኑ ታላቅ ወንድም ነበር፣ ሲደክመው ይተኛል።

ከዚህ በኋላ የአገራችን ሰው በስልክ ጌም መሥራቱ አልቀረም። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ የሚባል ድርጅት ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ሠርቶ «ኩኩሉ» ብሎ አውጥቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። የእህቴ ልጅ ዶሮዋን ያከብራታል። ይሁን እንጂ ዶሮዋ ጣት ትፈልጋለች፤ የእሱ ተጫዋች ጣት አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ገጹ እንዲህ ይላል። «ፒያሳ ቆመሃል። ከጦሳ የወረደ ጭጋግ የሱቆቹን ታፔላ ውጦታል። የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ ባጃጁ አይታይም። ወደ ሰኞ ገበያ ትሄዳለህ?» አንዴ መጨፈን «አዎ» ነው፣ ሁለቴ መጨፈን «አይ» ነው። ቀላል ይመስላል። ስሞክረው ጥያቄው ጋ ሳልደርስ ሰኞ ገበያ ደረስኩ። ጭጋጉን እያነበብኩ ዓይኔ ተርገበገበ፤ ማሽኑ «አዎ አለ» ብሎ ባጃጁ ላይ ጫነኝ። ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ ሻጭ ጠየቀችኝ፤ ሳልመልስ ገዛሁ። በርበሬው ኪሎ ስንት እንደሆነ ሳላነብ ከፈልኩ። ይህ ከእውነተኛው ገበያ ብዙም አይርቅም።

ሰው ሥራ ሳይዝ ሲቀመጥ በደቂቃ 15፣ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ሲያነብ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ በጣም ይቀንሳል፣ ዓይን የሚደርቀውና የሚቆረቁረው ለዚህ ነው። ከሁሉ የገረመኝ መርገብገቡ ዝም ብሎ የተበተነ አለመሆኑ ነው። አንባቢ ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚከድነው ሥርዓተ ነጥብ ላይ፣ መስመር ሲጨርስ፣ ገጽ ሲገልጥ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ታማሚ ናካኖ የሚባሉ ጃፓናዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለተመልካቾች ሚስተር ቢንን አሳይተው ዓይናቸውን ቀረጹ፤ ሰዎቹ ሳይነጋገሩ በአንድ ላይ ይጨፍናሉ። ድርጊቱ ሲያበቃ፣ ዋናው ሰውዬ ከእይታ ሲወጣ፣ ምንም የሚያመልጥ ነገር በሌለበት ቦታ። እንግዲህ ዓይን አራት ነጥብ ታውቃለች። ደህና ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሩን የት እንደሚዘጋ ያልነገርናት የዓይን ቆብ ቀድማ ገብቷታል። በዚህ ሒሳብ ከሄድን የእህቴ ልጅ ጌም ለአራት ነጥብ ሁሉ «አዎ» እያለ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ያበዛ ጸሐፊ ተጫዋቹን ባለበት ያቆየዋል።

መፍትሔው ጊዜ ነው አለ። ሳያስቡት የሚደረገው መርገብገብ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ አራት አሥረኛ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ረዘም ያለውን ብቻ እንደ ቃል እንቁጠር። ማሽኑ እንዴት እንደሚያውቅ አሳየኝ። ካሜራው በያንዳንዱ ዓይን ዙሪያ ስድስት ነጥብ ይተክላል፦ ሁለት ዳርና ዳር፣ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የላዩና የታቹን ርቀት ከዳር እስከ ዳሩ ርቀት ጋር ያነጻጽራል። ዓይን ሲገለጥ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሲከደን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሁለት የቼክ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። ስክሪኑ ላይ ፊቴን ከነአሥራ ሁለት አረንጓዴ ነጥቡ አየሁት። ደስ አይልም፤ በስፌት መርፌ የተወጋጋሁ መሰልኩ።

ዓይን መከደን ጥፋት የሚሆንበት ሌላ ቦታም አለ፤ ፎቶ ቤት። የደሴ ፎቶ ቤቶች ውስጥ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሳ ሰው ሁሉ «ዓይንህን እንዳትጨፍን!» ተብሏል፤ እንደተባለ ይጨፍናል። ፊልም በውድ በሚታጠብበት ዘመን የተጨፈነ ፎቶ አይጣልም ነበር፤ አልበም ውስጥ ይገባል፣ እንግዳ ሲመጣ ከነማብራሪያው ይታያል። ካሜራ ራሱ ይህን ጠባቂ ሲሆን ግን ጉድ መጣ። በ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ የኒኮን ካሜራ እስያውያን ፈገግ ብለው ሲነሱ «ሰው ዓይኑን ጨፍኗል?» እያለ አስቸገረ። ዓይናቸው ተገልጧል፤ ለማሽኑ ግን አልተገለጠም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ የታወቁ ፕሮግራሞች ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ የሚስቱት ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ ታየ። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው አልተገረመም። «ለዚህ እኮ ነው በአክስታችን ፊት የምሞክረው» አለ።

አክስታችን አሁን ደሴ ትኑር እንጂ ያደገችው ገጠር ነው፤ ዓይኗ ታሪክ አለው። ትራኮማ። በእጅ፣ በፎጣ፣ ዓይን ላይ በሚያርፍ ዝንብ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል ያጠባሰዋል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱም ተቀልብሶ ብሌኑን ይፈትገዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መርገብገብ ጭረት ነው። በደቂቃ 15 ጊዜ፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ። በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ናት፣ ከኢትዮጵያም የአማራ ክልል። የካርተር ማዕከልና የላየንስ ክለብ ከጤና ቢሮው ጋር ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩበት፣ በየቀበሌው በቁመት መለኪያ ዱላ እየተለካ አዚትሮማይሲን የሚታደልበት ምክንያት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ሳይመጣ በፊት መድኃኒቱ ወረንጦ ነበር። አክስቴ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ደጅ ትቀመጣለች፤ ዓይነ ጥሩ የሆነች ጎረቤት አጠገቧ ትንበረከካለች፤ በግራ እጇ አውራ ጣት ቆቡን ገልብጣ፣ በቀኝ እጇ ወረንጦዋን ይዛ፣ ያንን አንድ ክፉ ፀጉር ትፈልጋለች። ትነቅለዋለች። ወረንጦውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ ሌላ ትፈልጋለች። የተነቀለው መልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅል አጭርና ሸካራ ሆኖ ነው፣ ይብስበታል። ስለዚህ ጎረቤቷ ትመለሳለች። ሁለቱ ሴቶች በዚህ መሐል ስንት ወሬ እንዳወሩ አላህ ይወቀው፤ አክስቴ የሰፈሩን ምስጢር የሰማችው አንድ ዓይኗን ተይዛ ነው። በመጨረሻ ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በዓይንና በቆዳ ሕክምና ስሙ የሚጠራው፣ ቆቧን በአጭር ቀዶ ጥገና ወደ ውጭ መለሰላት። ቦሩ ሜዳን የታሪክ ሰው የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በሰበሰቡት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። አክስቴ የምታውቀው «ዓይኔን ጨፍኜ ሳያመኝ የነቃሁበት» ብላ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ካሜራው ፊት የተቀመጠችው። ስልኩ መንዙማ እያጫወተ ነው፤ አክስቴ መንዙማ ስትሰማ ዓይኗን ከድና ራሷን ወዝወዝ ታደርጋለች። ማሽኑ አይሆንም ብሎ አያውቅ። አዎ! ሰኞ ገበያ ሄደች። አዎ! በርበሬ ገዛች። አዎ! ባጃጅ ተከራየች። የእህቴ ልጅ «እቴቴ፣ ዓይንሽን ግለጪ እንጂ!» ይላል። «ምን አጠፋሁ? ደስ ብሎኝ ነው» ትላለች። መንዙማው ጠፋ። አሁን ደግሞ ተቃራኒው መጣ፤ የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ያለበት ቆብ እንደኔው አይነሳም፣ የማሽኑ ቁጥር ገና ከመነሻው ዝቅ ያለ ነው። ገልጣ እያየችው ተኝታለች ይላል። «አብሽሪ፣ ቁጥሩን ለአንቺ ዝቅ አደርገዋለሁ» አላት። ዝቅ አደረገው፤ ሠራ። ለያንዳንዱ ፊት የየራሱን መነሻ መለካት እንዳለበት ያን ጊዜ ነው የገባው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ከትምህርት ክፍሉ ያላገኘው ትምህርት ነበር፤ እሱ ግን «ካሊብሬሽን ይባላል፣ ሁለተኛ ዓመት ተምረነዋል» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ፈላስፋ ላስገባ። ጊልበርት ራይል የሚባል እንግሊዛዊ ሁለት ልጆችን አስቡ ይላል፤ የሁለቱም ቀኝ ዓይን ክድን ብሎ ይገለጣል። አንዱ ዓይኑ ስለዘለለበት ነው፤ ሌላው እየጠቀሰ ነው። ፎቶ ብታነሳቸው ልዩነት የላቸውም። አሜሪካዊው ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1973 እ.ኤ.አ. ይህን ይዞ የሰውን ባህል ማጥናት ማለት ይህንኑ መለየት ነው ብሎ ጻፈ፤ ዝናው ብዙ ነው። እኔ ሁለቱም ሊቃውንት ደሴ ቡና ላይ አንድ ከሰዓት ቢቀመጡ ድካማቸው ይቀልላቸው ነበር ባይ ነኝ። እዚህ አስተናጋጇ የስኒውን ረከቦት እያነሳች ለልጇ ትጠቅሳለች፤ ልጅቱ ወጥታ ስኳር ተበድራ ትመለሳለች፤ እንግዳ አላየም። አማት ትጠቅሳለች፤ ምራት ወሬውን ትቀይራለች። አክስቴ ዓይኗ ታሞ በነበረበት ዘመን ቀኑን ሙሉ ስታርገበግብ ማንም ስኳር ሊበደር አልወጣም። ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ የትኛው ሕመም፣ የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ካሜራው ቢማር ቢማር ሰከንድ ይቆጥራል እንጂ ይህን አያውቅም። ለዚህ ነው የእህቴ ልጅ ጌም ውስጥ ከነጥቦቹ ይልቅ ሰዎቹ የሚያጓጉኝ፤ መጨፈን ቃል የሚሆነው ዓይኑን የሚያውቅለት ሰው ወዲያ ማዶ ሲኖር ነው።

ወዲያ ማዶ ሰው ሲኖር እስከ የት ይኬዳል? ቬትናም ውስጥ የተማረከው አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን ጄረማያ ዴንተን በ1966 እ.ኤ.አ. የፕሮፓጋንዳ ካሜራ ፊት ቀረበ። አፉ የሚባለውን ይናገራል፤ ዓይኑ ግን በሞርስ «ማሰቃየት» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ይልክ ነበር። ሌላው ዣን ዶሚኒክ ቦቢ ነው። የፈረንሳዩ «ኤል» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበር፤ በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ስትሮክ መታውና ከመላ ሰውነቱ የግራ ዓይን ቆቡ ብቻ ቀረለት። አንዲት ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ፊደል ትጠራለች፤ የፈለገው ፊደል ሲደርስ ይጨፍናል፤ ትጽፋለች፤ እንደገና ከመጀመሪያው። በዚህ መንገድ መጽሐፍ ጻፈ። በመጋቢት 1997 እ.ኤ.አ. ታተመ፣ ደራሲው በቀናት ውስጥ ሞተ። ፊደሉ የሚጠራለት በተለመደው ተራ አልነበረም፤ በፈረንሳይኛ ብዙ የሚመላለሱት ፊደላት ወደ ፊት ተደርገው ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ደብተር አወጣ። ተጫዋቹ «አዎ»ና «አይ» ብቻ ለምን ይላል? ክራውዘር ልጆቹን ሁለት ቃል አስጽፏቸዋል፤ እኛም እናስጽፍ። ግን በአማርኛ እንዴት? 33 ፊደል በ7 ሆሄ፣ 231 ነው። አንድ በአንድ ቢጠራ ተጫዋቹ ያረጃል።

ደግነቱ ፊደላችን በሰንጠረዥ ነው የተደረደረው። መጀመሪያ ቁልቁል ይጠራል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የፈለጉት ቤት ሲደርስ ይጨፍናሉ። ከዚያ አግድም፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ። እንደገና ይጨፍናሉ። «ደሴ»ን ሞከርነው። ደ ሃያ አራተኛው ቤት ነው፣ ግዕዝ ስለሆነ አንድ፤ 25 ጥሪ። ሴ ሰባተኛው ቤት፣ ኃምስ፤ 12። ድምሩ 37 ጥሪ፣ አራት ጭፈና። ያንኑ በእንግሊዝኛ ፊደል በተራው ብንጠራው፣ ዲ ኢ ኤስ ኤስ አይ ኢ፣ 61 ጥሪና ስድስት ጭፈና ይሆናል። ልጁ በኩራት ጠረጴዛውን መታ። «ኮምቦልቻ» ግን 75 ጥሪና አሥር ጭፈና ወሰደ፤ ከደሴ እጥፍ። የደሴ ልጅ እንደመሆኔ ምንም አላልኩም።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ብናወጣስ? ሐን፣ ሠን፣ ኀን፣ ዐን፣ ፀን ብንተው ደሴ ከ37 ወደ 31 ይወርዳል። ሊቃውንት ሞክሼ ፊደል ይቀነስ አይቀነስ ሲሉ ዘመን ያስቆጠሩበትን ነገር ዓይን ቆቡ ብቻ የቀረለት ሰው በአንድ ቀን ይወስነው ነበር፤ ቢያንስ የራሱን። «ቧንቧ ውሃ»ስ? የገዛ ሰፈራችን ስም በሰባቱ ሆሄ አይጻፍም፤ ለቧ ስምንተኛ ዓምድ ያስፈልጋል። ለቧንቧ ውሃ ሰዎች ሲባል ተጨመረ። የ ደግሞ ሃያ ሦስተኛ ላይ ተቀምጣለች፤ አማርኛ ተናጋሪ ያለ የ ስንት ደቂቃ ይቆያል? የእህቴ ልጅ እንደ ፈረንሳዩ ሰው ብዙ የምንጠቀምባቸውን ወደ ላይ ላምጣ አለ፤ የ፣ በ፣ ለ፣ ነ፣ ተ፣ መ እያለ ይደረድር ጀመር።

«ተው ልጄ» አለች አክስቴ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ቀን እርሻ ማታ ኩራዝ ሆኖ፣ ገና አንድ ፍሬ ልጅ ሳለች። «ሀ ለ ሐ መ ስትለኝ የሚቀጥለውን ልቤ ያውቀዋል፣ ጊዜው ሳይደርስ ዓይኔን አዘጋጃለሁ። እንዲህ ካተራመስከው ግን በየት በኩል እንደምትመጣ በምን አውቃለሁ?» ልጁ ስለ ድግግሞሽና ስለ ጥሪ ብዛት ሊያስረዳት ሞከረ። እኔ የእሷን ወገን ያዝኩ። ሰው በቃሉ የያዘው ተራ፣ ረጅምም ቢሆን፣ ከማያውቀው አቋራጭ ይፈጥናል፤ ሐረጎን ለሚያውቅ ሾፌር ኩርባው አይረዝምም። ደግሞም መጽሐፍ ሊጽፍ የተቀመጠ ሰውና ለቅዳሜ ከሰዓት የተቀመጠ ሰው አንድ አይደሉም። ቦቢ አዲሱን ተራ ሊለምድ ወራት ነበረው።

«እንግዲያው በአሮጌው ተራ እንሞክር» ተባለ። ካሜራው ተዘጋ፤ መብራትም የመሄጃ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ልጁ ራሱ ማሽን ሆኖ አክስቴ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «እቴቴ፣ አንድ ትእዛዝ። የፈለግሽውን። ጌሙ ይፈጽማል።»

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ። ጨፈነች። በ፣ ቡ። ጨፈነች። እንደገና ከሀ። ነ ላይ ጨፈነች። ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና። ጨፈነች። ሠላሳ ጥሪ፣ አራት ጭፈና።

«ቡና» አለ ልጁ ደብተሩን እያየ። «ከዚያስ? ቡና ምን?»

«ከዚያማ የለም» አለች። «ጌሙ ይፈጽማል አላልክም? ከሰሉ ከበሩ ሥር ነው፣ ጀበናውን አጥበህ ጣደው።»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔም ጠቀስኩት፤ ተነሳ።